የታፔላው ቀኝ ጥግ

ባሌ ክፍሉ በሕይወቱ ፊርማውን ሳያኖር ያስረከበው ሥራ አንድ ብቻ ነው። እሱው አንዱ በላው።

ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ብዙ አልነበረም። ስም ያወጡት ሁለት ነበሩ፤ ከዚራ በኩል የእኔው ክፍሉ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ በኩል ደግሞ ሙመድ። የልብስ ሰፊው፣ የፀጉር አስተካካዩ፣ የሻይ ቤቱ፣ የወፍጮው ታፔላ ወይ የክፍሉ ነው ወይ የሙመድ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ከታች ወደ ቀኝ ጥግ ማየት ይበቃል። «ክፍሉ፣ ድ/ዳ፣ 1964» ይላል፤ አለዚያም «ሙመድ፣ ድ/ዳ፣ 1959»። ስም፣ ከተማ፣ ዓመት። ሁለቱም ሙያውን የተማሩት ከአንድ ግሪክ ሠዓሊ ስለነበር ልማዳቸውም አንድ ነው። ታፔላን ሳይፈርሙ ማስረከብ ለእነሱ ልጅ ወልዶ አባቱ እኔ አይደለሁም እንደ ማለት ነበር።

ደግሞ መበሻሸቃቸው! ሙመድ ድልድዩን ተሻግሮ ሲመጣ ገና ከሩቅ፣ «አቦ ክፍሉ፣ ያቺ የዳቦ ቤቱ 'ጠ' እግሯን አሟት ነው እንዴ? አንዱን አንጠልጥላ ቆማለች» ይለዋል። ክፍሉም አይተኛለትም፤ «ያንተዋ 'ሰ' ምርቃና ላይ ናት መሰለኝ፣ ወደ ግድግዳው ተደግፋለች» ብሎ ይመልስለታል። ከዚያ አብረው ቁጭ ብለው ስለ ቀለም መወደድ ያማርራሉ። ሁለት ባለ አንድ ሙያ ሰዎች እንዲህ ሲዋደዱ ያየሁት እነሱን ብቻ ነው።

እኔ፣ ሚስቱ የሺአረግ፣ መሰላል ያዥ ነበርኩ። አባቴ የሸሚንደፈር፣ የምድር ባቡሩ ሰው ነበርና ሴት ልጁ መንገድ ዳር መሰላል ተደግፋ መዋሏ አንገቱን አስደፍቶት ነበር። እኔ ግን ክፍሉን ለሌላ ሰው እጅ አላምንም። ሲጽፍ እግሩን የት እንዳኖረ ይረሳል፤ ሁለት ጊዜ ወድቆብኛል። ስለዚህ ከታች ሆኜ መሰላሉን እይዛለሁ፣ ቀለም አማስላለሁ፣ በአላፊ አግዳሚው ላይ ምላሴን እስላለሁ። ከሙያውም በዓይኔ ያልተማርኩት ጥቂት ነው።

በ1970 ዓመተ ምሕረት፣ የሶማሊያ ጦርነት ገና ከከተማው ጥግ መራቁ ነው፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ወልደጻድቅ አንድ ጠዋት ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ደጃችን ደረሰ። ወልደጻድቅ ጓድ ከመባሉ በፊት የሰፈር ሰርግ ሲሆን ድንኳን የሚተክል፣ ሲፈርስም ወጥ የሚለምን ሰው ነበር። አሁን ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ፤ ሰውም ከወንበሩ ይነሣለታል። አብዮት ጠባቂዎቹ አንድ ትልቅ ላሜራ ተሸክመው ነበር። ፊቱ ነጭ ተለቅልቋል፤ ጀርባው እንዳይታጠፍ በብረት ተበይዷል።

«ለሚያዝያ 23፣ ለወዛደሩ ቀን ነው» አለ። «ከደቻቱ ድልድይ አፍ ላይ ይቆማል። ወዛደር፣ ገበሬ፣ ከላይ መፈክሩ። ሐሙስ እፈልገዋለሁ።»

ክፍሉ መዳፉን ላሜራው ላይ አሳለፈ። ጣቱን አየ፤ ነጭ ሆኗል።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ይሄ ኖራ ነው። ከኖራው ሥር ደግሞ ሌላ ሥዕል አለ።»

«ምን ሥዕል?»

«እሱን አላየሁም። እጄ ግን መስመር እየነካ ነው። እስከ ብረቱ መፋቅ አለበት። ኖራ ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም በድሬ ፀሐይ አይቆይም፣ ይላጣል።»

ወልደጻድቅ ከሥሩ ምን እንዳለ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ኖራውን ያስለቀለቀውም እሱ ነው፤ ይሄን የሰማሁት ቆይቶ ነው። የዚያን ዕለት ግን፣ «መፋቂያ ጊዜ የለም፣ ቀባበት» ብቻ አለ። ሊወጣ ሲል ደግሞ ዘወር ብሎ ጨመረ።

«ፊርማ ብለህ ጥጉ ላይ የምትጭረውን ነገር እንዳላይ። ሥራው የሰፊው ሕዝብ ነው። ስሙን የሚለጥፍ ንዑስ ከበርቴ ነው።»

«ቢበላሽስ ማን ይጠየቃል?» አለ ክፍሉ።

«ሰፊው ሕዝብ።»

«እንግዲያው ሰፊው ሕዝብ መሰላሉንም ይያዝልን» አልኩ እኔ ከጓዳ። ክፍሉ በዓይኑ ቆነጠጠኝ። ወልደጻድቅ ወደ ጓዳው አየት አደረገ፤ አልተቆጣም። ያለመቆጣቱ ነው ያስፈራኝ።

ክፍሉ ሠራው። ሲሠራ አያፏጭም፤ ሌላ ጊዜ ያፏጫል። ወዛደሩ መዶሻውን አንሥቶ፣ ገበሬው ማጭዱን ይዞ፣ ከኋላቸው ፀሐይ ስትወጣ። ከላይ በትልልቁ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» የሚለውን ጻፈው። ቦታው ስላልበቃው «ሞት» ብቻዋን ወደ ቀኝ ጠርዝ ወርዳ ቀረች። ሲጨርስ እጁ በልማዱ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ፤ ብሩሹ ቀለም እንደ ተነከረ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ መለሰው።

«ቅር አለኝ፣ የሺ» አለኝ። «ሱሪ ሳልታጠቅ የወጣሁ ይመስለኛል።»

ሳቅሁበት። በኋላ ግን ያን አየር ላይ የቆመ ብሩሽ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ።

በዓሉ አለፈ፣ ግንቦት ገባ። የድሬን ግንቦት ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ ልንገረው፤ ብረት በእጅ አይነካም፣ ውሻ ከጥላ ወጥቶ አይጮኽም። ታፔላው ከድልድዩ አፍ ላይ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይውላል። በመጀመሪያ ቀለሙ አበጠ፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወድቅ ጀመር። ወዛደሩ ግንባር ላይ ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ሰው አልገባውም። በማግስቱ ትንሽ ተጨምሮ ሲላጥ ቅርጹ ለየለት።

ዘውድ ነው። መዶሻውን ያነሣው ወዛደር ራሱ ላይ ልክክ ብሎ የተቀመጠ የወርቅ ዘውድ። ከገበሬውም ኋላ የአንበሳ ጅራት ተቆልምሞ ወጥቷል።

ከድልድዩ ሥር ጫት የምትሸጥ ካልቱን የምትባል ሴት ነበረች፤ ሳቅ አፏ ላይ የሚቀድማት ዓይነት። ቀና ብላ አየችና፣ «አቦ ሰዎች፣ ወዛደሩ ነግሦ አደረ!» ብላ ጮኸች። ድልድዩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ክፍሉ ብቻ አልሳቀም። በማግስቱ ስናልፍ ካልቱን ቦታዋ ላይ የለችም። ያቺ የምትቀመጥባት ድንጋይ ብቻ አለች፤ በአጠገቧ የሚሸጡት ሴቶች ወደ ድንጋዩ አያዩም። ከዚያ ወዲያ በድልድዩ ላይ የሚሄድ ሰው ዓይኑን ከእግሩ አያነሣም፤ ታፔላውን አይቷል እንዳይባል።

ዓይኑን ያነሣ አንድ ሰው ክፍሉ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። አልተቀመጠም።

«የሺ፣ ታፔላው ፈረመ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቀኝ ጥጉ ተላጠ። 'ሙመድ፣ ድ/ዳ' ይላል።»

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ላሜራው የጥንት ነው፤ ንጉሡ ድሬን ሲጎበኙ «እንኳን ደህና መጡ» ተብሎ ተሰቅሎ የነበረው። የጻፈው ሙመድ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ሥራ ሠርቶ፣ እንደ ልማዱ ፈርሞ አስረክቦታል። ዓመቱን የምትናገረው ቁጥር ገና ከቀለሙ ሥር እንደ ተደበቀች ናት። ክፍሉ በላዩ ሠርቶ ፊርማውን ስላላኖረ፣ አሁን ሥራው ሁሉ የአንድ ሰው መሰለ። ወዛደሩን የሠራ ሙመድ፣ ዘውድ የጫነበት ሙመድ፣ በአብዮቱ ያሾፈ ሙመድ። ምስክር አያስፈልግም፤ ስሙ ግርጌው ላይ አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሙመድን ከሱቁ ወሰዱት። ብሩሹን እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም አሉ።

ወልደጻድቅ ወደ እኛ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ብቻውን። አብዮት ጠባቂም አላስከተለም። ገብቶ ተቀመጠ፣ ውሃ ጠየቀ። ሰጠሁት፤ ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«ክፍሉ፣ በሚያዝያ እኮ አሞህ ነበር» አለ።

«እኔን? አላመመኝም።»

«አሞህ ነበር። ወባ ይዞህ ቤት ተኝተህ ነበር። እኔም ሥራውን ለሙመድ ሰጠሁት።» ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ታማሚ የሚጠይቅ ሰው ነው የሚመስለው። «ታፔላው ላይ ስም አለ። ስሙ ያንተ አይደለም። ሰው ከዚህ በላይ ምን ዕድል ይፈልጋል?»

ወልደጻድቅ ብርጭቆውን ለእኔ መለሰና፣ «እስዎም መሰላል መያዙ ይበቃዎታል፣ ወይዘሮ የሺአረግ። ፀሐይ ላይ መቆም ለሴት ጥሩ አይደለም» ብሎኝ ወጣ። ሽጉጡ የበሩን መቃን ታክኮ አለፈ፤ ያ የብረት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ክፍሉ ቢያዝ ይጠየቃል፤ ቢጠየቅ ላሜራውን ማን እንዳመጣው፣ አትፋቅ ያለው ማን እንደሆነ፣ አትፈርም ያለው ማን እንደሆነ ይናገራል። ሙመድ ግን ከዚህ ሁሉ ምንም አያውቅም፤ ቢገርፉት የሚያወጣው ነገር የለውም። ደግሞም እናቱ ሶማሌ ናት። በዚያን ሰሞን ለእንዲህ ያለ ሰው «ሰርጎ ገብ» የምትል ስም ተዘጋጅታ ነው የምትጠብቀው።

ለክፍሉ ያልኩትን አልደብቅም። «ዝም በል» አልኩት። «ዝም አይነቅዝም። ሰውዬው ነፍስህን በእጅህ ሰጥቶህ ነው የሄደው፣ ያዛት።» ዛሬም ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ይሄንኑ ነው የምለው። ባሌን እወደው ነበር፤ ሙመድንም እወደው ነበር፤ ግን የምተኛው ከክፍሉ ጋር ነው።

ክፍሉም ለጥቂት ቀን እሺ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ሥራ አይሠራም፤ ቁጭ ብሎ የታጠቡ ብሩሾችን እንደገና ያጥባል። ምግብ ሳቀርብለት ይቆርስና እጁ ላይ ይረሳዋል።

ከዚያ የሙመድ ሚስት ቱሪያ መጣች። ዘንቢል አንጠልጥላለች። ስትገባ አላለቀሰችም፤ ዓይኗ የደረቀ ነው። ዘንቢሉን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ከውስጡ ሸሚዝ አወጣች። የሙመድን ሸሚዝ አውቀዋለሁ፤ ቀለም የሌለበት ቦታ የለውም። አሁን ጀርባው ላይ ያለው ግን ቀለም አይደለም። ጨርቁ ደርቆ ቆሟል።

«እጠቢው ብለው ሰጡኝ» አለች። «አንድ ልጅ ከእሱ ጋር ታስሮ ነበር፣ ወጥቶ ነገረኝ። 'አንተ ካልሠራኸው ማን ሠራው?' ይሉታል። 'አላህ ያውቃል' ይላል። እኔም ሄጄ፣ ያን ሰሞን እኮ መልካ ጀብዱ የወፍጮ ቤት ታፔላ ሲጽፍ ነበር፣ ስሙም ዓመቱም እዚያው አለ፣ ሄዳችሁ ባለ ወፍጮውን ጠይቁ አልኳቸው። 'ታዲያ ይሄን የሠራውን አምጪ' አሉኝ።»

ክፍሉ ወለሉን ያያል።

«ክፍሉ» አለችው፣ «ወላሂ እሱ ያውቃል። ያንተን 'ወ' እኮ ከመጋላ ሆኖ ይለያታል። ግን ስምህን አልጠራም። እኔም ጥራ ልልህ አልመጣሁም። እንድታውቅ ብዬ ነው።»

ሸሚዙን መልሳ ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችና ሄደች። ብትሰድበን፣ ብትራገም፣ ፀጉሯን ብትነጭ ምን ነበር! እንድታውቅ ብዬ ነው። ከዚህ በላይ የሚከብድ ቃል ሰምቼ አላውቅም። ቤታችን ውስጥ የዚያ ደም ሽታ ቀረ፤ መስኮት ብከፍትም አልወጣ አለ።

ክፍሉ የታጠቡትን ብሩሾች ወደ ጎን አደረገ።

«እድሜዬን ሙሉ ፊርማ ክብር ይመስለኝ ነበር፣ የሺ። ሰው አይቶ 'ክፍሉ ነው' እንዲል። ለካስ እንደዚያ አይደለም። ፊርማ ለሠራው ሰው አይደለም፤ ላልሠራው ነው።»

«ለእኔስ?» አልኩት። «ለእኔ ምን ነው?»

ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። አቅፎኝም አላቀፈኝም፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ቆየ። ጮህኩበት። ሰደብኩት። ጀግና ነኝ ብለህ ነው ወይ፣ ሐውልት ይሠሩልኛል ብለህ ነው ወይ አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ክፍሉም አንዴ ከያዘ ያዘ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፣ ገበያ። ከመጋላም ከከዚራም ሰው ድልድዩ ላይ የሚተራመስበት ሰዓት ጠብቆ መሰላሉን ተሸከመ። ተከተልኩት። መንገዱን ሁሉ እየረገምኩት ተከተልኩት። ታፔላው ሥር አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ታቅፎ ጥላ ይዟል።

«ለማደስ ነው» አለው ክፍሉ። ጠባቂው መሰላሉን፣ ጣሳውን፣ ቀለም የበላውን ካኪ አየና አሳለፈው። ቀለም ቀቢን ማን ይጠረጥራል!

መሰላሉን ሲያቆም ተንገዳገደ። ምን ላድርግ፣ ያዝኩለት። መሞቱ ካልቀረ ወድቆ አይሙት ብዬ ይሁን፣ እጄ ስለለመደ ይሁን እኔ እንጃ። ወጣ። በመፋቂያው ጥጉን መፋቅ ጀመረ። የተላጠው ቀለም እየበረረ ፀጉሬ ላይ፣ አንገቴ ውስጥ ይገባል። ከ«ሙመድ፣ ድ/ዳ» ቀጥሎ ያለውን ቀስ አድርጎ፣ እንደ ቁስል ልጣጭ እየላጠ ገለጠው። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሙሉው ወጣ፦ 1958።

ከሥሩ ሌላ ቦታ እስከ ብረቱ ፋቀ። በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ በተነከረ ጨርቅ ጠረገው፤ እስኪደርቅ ጠበቀ። እንዲህ ባለ ቀን የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከዚያ በቀይ፣ ከልማዱ ውጭ ወሩንም ጨምሮ ጻፈ። መሰላሉን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። «ክፍሉ፣ ድ/ዳ፣ ሚያዝያ 1970»።

የገበያው ሰው ቆሟል። ዓይኑን ከእግሩ የማያነሣው ሕዝብ ሁሉ ቀና ብሏል። ክፍሉ መሰላሉ ላይ እንደ ቆመ ዞረ። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ግን ሁሉም ሰማ።

«ይቺ የሙመድ ናት፣ የሃምሳ ስምንት ናት። ይቺ የእኔ ናት፣ የዘንድሮ። ከሥሩ ሥዕል እንዳለ እያወቅሁ ሳልፍቅ ቀባሁበት። ሙመድ የለበትም።»

ወርዶ ብሩሹን ማጠብ ያዘ። ጠባቂው ሲሮጥ አየሁት። «ተው ና፣ እንሂድ» አልኩት። «ብሩሽ ሳይታጠብ አያድርም» አለኝ። ጠጉሩን በጣቱ አሹሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረው። የቀበሌዋ ላንድሮቨር ስትመጣ ሕዝቡ መንገድ ከፈተላት። ክፍሉ ሲገባ ራሱን እንዳይመታው ዝቅ አለ፤ ቁመቱ ረጅም ነበርና ሁልጊዜ የሚመታ ሰው ነው። የዚያን ዕለት አልተመታም። ያንን አይቼ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ጅል ነገር ደስ ይላል።

ሙመድን ለቀቁት። ሺህ ሰው ያየውን ዓመተ ምሕረት ወልደጻድቅም ቢሆን ሊውጠው አልቻለም። ለክፍሉ ስንቅ እወስዳለሁ፤ ይቀበሉኛል፣ የትናንቱን ሳህን ባዶውን ይመልሱልኛል። አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ሰው ሳህኑን ሳይከፍተው መልሶ ሰጠኝ። «ከእንግዲህ አታምጪ» አለ። ምግቡ ገና ትኩስ ነበር። ለምን እንዲህ እንደ ቸኮሉ ያኔ አልገባኝም፤ ክፍሉ ስለ ኖራው እንዳይናገር የሚፈልገው ሰው ግን ደጃችን ድረስ መጥቶ ውሃዬን ጠጥቶ ነበር።

ማልቀስ ክልክል ነበር። ቱሪያ መጣችና በሩን ዘግተን፣ እሷ ሻሿን እኔ ነጠላዬን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን አለቀስን።

ታፔላውን አውርደው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት ከረመ። ዓመቱ ሊዞር ሲል ወልደጻድቅ ሙመድን አስጠራው። ሌላ ማን አለው? «አሁን እስከ ብረቱ ፍቀህ እንደ አዲስ ሥራው» አለው። «ሁሉንም። ፊርማ የለም።» ሙመድም የቀኝ እጁ ጣቶች አልታጠፍ ብለውት ስለነበር በግራው ሠራው። ወዛደሩ እንደገና መዶሻውን አነሣ፤ መፈክሩም እንደገና ተጻፈ፣ «ሞት» እንደ ድሮዋ ቀኝ ጠርዝ ላይ።

ሠርቶ የጨረሰ ዕለት ወደ ቤቴ መጣ። ያ በሰው 'ጠ' የሚቀልድ ሰው ድምፁ ጠፍቷል።

«የሺ እህቴ፣ ሁሉን ፋቅሁት» አለኝ። «ዘውዱንም፣ አንበሳውንም፣ የራሴንም ስም። አንዲት ቦታ ብቻ አልነካሁም። እዚያች ላይ ኖራ ለቅልቄ ነው ቀለሙን የደረብኩት።»

መሰላል ያዥ ነኝ፤ ትርጉም አላስፈለገኝም።

«አብደሃል? ሲላጥ እኮ ማን ሠራው ይላሉ። የሆነ ደሀ ይይዛሉ።»

«አይይዙም። እኔም ፈርሜያለሁ፤ ጀርባው ላይ፣ ብየዳው ሥር። ከጠየቁ ገልብጠው ይዩ።» ለመሄድ ዘወር ብሎ፣ «ሳይፈርሙ ማስረከብ የለም አቦ» አለ።

ታፔላው በጥር ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጃንጥላዬን ይዤ በድልድዩ አልፋለሁ። በመጋቢት ጥጉ አበጠ። ሚያዝያ ሲገባ ጠርዙ ተነሣ። በዓሉ ሊደርስ ሲል «ሉ» ወጣች፤ ቀይ፣ ጥርት ያለች፣ ትናንት የተጻፈች የምትመስል። ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ቆምኩ። ስለ ፈራሁም ስለ ናፈቅሁም ነው፤ ሁለቱን መለየት አቅቶኝ ነበር።

የሚያዝያ 23 ለት ሰልፉ በድልድዩ በኩል ያልፋል፤ የቀበሌ ሊቀ መናብርት ታፔላው ሥር በተሠራ መድረክ ላይ ቆመው ይቀበላሉ። ከክፍለ ሀገር የመጡ ትልልቅ ሰዎችም ነበሩ፣ ጥላ ተተክሎላቸው። ሙመድ ከሰልፈኛው መሀል እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። እኔ ከፊት ነኝ። ነፋስ ከደቻቱ አሸዋ ተነሣ፤ የቀረችው ልጣጭ ተገነጠለችና ወልደጻድቅ ትከሻ ላይ ወደቀች።

አራገፋት። ከየት እንደ መጣች ለማየት ዞረ። አነበበ።

ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ያቺ ስም ከታየች አንድ ሰው ይጠይቃል፤ ክፍሉ ማነው፣ የት ሄደ፣ ላሜራውን ያኔ ማን አመጣው፣ ለምን ሳይፋቅ ተቀባ። ግራና ቀኙን አየ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ቀኝ ተራመደና ጀርባውን ጥጉ ላይ ለጠፈ።

ሌሎቹ ወደ ጥላው ሲገቡ እሱ አልገባም። «ጓድ፣ ና ከፀሐይ» ሲሉት እጁን እያወዛወዘ ፈገግ ይላል። ላሜራው ጀርባውን እየጠበሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ብረት በእጅ እንደማይነካ ድሬ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ላቡ ካኪውን አጠቆረው። ሰልፉ አለፈ፣ ንግግሩ አለቀ፣ ትልልቆቹ ሰዎች ወደ መኪናቸው ተጠሩ። እሱ «ሞት» ከምትለው ቃል ሥር፣ የባሌን ስም በጀርባው ይዞ ቆሟል። ቢንቀሳቀስ ትታያለች።

ጃንጥላዬን ዘረጋሁና ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አየኝ። መሰላል ሥር ውዬ ውዬ መቆም ለምጃለሁ፤ እኔ አልቸኩልም።